ገምጋሚው ምን ይይ፣ እስከ መቼ ይይ?

አንድ ኮሌጅ የእውቅና ፈቃድ ለማግኘት ወይም ለማሳደስ ሲያመለክት ወላጅና ተማሪ ጆሮ የሚደርሰው የመጨረሻው ውሳኔ ብቻ ነው፤ ተፈቀደለት ወይም ተከለከለ። ከውሳኔው በፊት ግን ብዙም የማይወራለት ሥራ አለ። ተቋሙ ራሱን የገመገመበትን ሰነድና ደጋፊ ማስረጃዎቹን የእውቅና ሥራን ወደሚያስተዳድር ሶፍትዌር ካስገባ በኋላ ከውጭ ለሚመጡት ገምጋሚዎች መግቢያ ሊከፈትላቸው ይገባል። ማን ይግባ? የትኛውን ሰነድ ይይ? ማንበብ ብቻ ነው የሚፈቀድለት ወይስ አስተያየቱንም ይጽፋል? የሚዘጋውስ መቼ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የአይቲ ባለሙያው የጓዳ ሥራ ተደርገው ስለሚታዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃሉ፦ አንድ የተጠቃሚ ስም፣ አንድ ፓስወርድ፣ በቴሌግራም ለሁሉም ገምጋሚዎች። እኔ የምለው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ራሱ የፍርዱ አካል ነው ነው። መግቢያው በዘፈቀደ ከተከፈተ፣ ገምጋሚዎቹ የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆኑ፣ ውሳኔው ሲጠየቅ የሚቆምበት መሠረት አይኖረውም። ነገሩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ በጅግጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል።

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ጥራት በሕግ የሚጠበቅበት ሥርዓት ብዙ ዕድሜ የለውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። የግል ተቋማት ፈቃድ የሚጠየቁ ሲሆን፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ እንደ ግሎቹ ፈቃድ ባይጠየቁም በጥራት ኦዲት ይፈተሹ ነበር። ኦዲቱ አሥር የትኩረት መስኮች ነበሩት፤ ከተልዕኮና ከአስተዳደር ይነሳና በመሠረተ ልማት፣ በመምህራን፣ በተማሪዎች ቅበላ፣ በሥርዓተ ትምህርት፣ በማስተማርና በምዘና፣ በተመራቂዎች ውጤት፣ በምርምር አልፎ በተቋሙ የውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ያበቃል። በ2014 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 515 የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ሲያቋቁም የኤጀንሲው ሥራ ወደዚያ ተሻገረ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ፤ በቅርብ ዓመታትም ባለሥልጣኑ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ አድርጓል። ቁጥጥሩ በጠበቀ ቁጥር የሚጠየቀው ማስረጃ ይበዛል። የመምህራን የትምህርት ማስረጃና የቅጥር ውል፣ የሴኔት ቃለ ጉባኤ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ ዝርዝር፣ የፈተና ናሙና፣ የተማሪ ውጤት፣ የሕንጻ ኪራይ ውል፣ የበጀት ሰነድ፤ ለአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ በመቶ የሚቆጠር ፋይል ይሰበሰባል። በቦክስ ፋይል ሲደረደር ግድግዳ የሚሸፍነውን ይህን ክምር ነው ሶፍትዌሩ በየመስፈርቱ የሚያስቀምጠው።

ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመኪና የሚመጣ ሐረርንና ባቢሌን አልፎ፣ ካራማራን በማርዳ በር ተሻግሮ ነው የሚገባው። ከተማዋ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲና የሼክ ሐሰን ያበሬ ሆስፒታሉ አሏት፤ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች፣ የግል ኮሌጆችም እንዲሁ። በስተምሥራቅ በድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ፣ በሰሜን አውበሬ፣ በሲቲ ዞን ደግሞ የጅቡቲን የባቡር መስመር ተከትለው ሽንሌ፣ አይሻና ደወሌ አሉ። ከእነዚህ ከተሞች የሚወጣ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ካልተመደበ ዐይኑ የሚያርፈው በጅግጅጋ ወይም በድሬዳዋ ኮሌጆች ላይ ነው። የገምጋሚ ቡድን ወደዚህ ሲመጣ የጉዞው ወጪ ከባድ ስለሆነ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። እነዚያ ቀናት ቢሮ ተቀምጦ ቦክስ ፋይል በማገላበጥ ካለቁ ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የማታ ተማሪው መቼ ይታያል? ስለዚህ ሰነዱን ከመምጣት በፊት በርቀት ማንበብ ለአዲስ አበባ ኮሌጅ ምቾት ሲሆን ለጅግጅጋ ኮሌጅ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ከፍርዱ የሚበዛው በርቀት ከተነበበ ሰነድ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ያ ሰነድ በማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደታየ በእርግጠኝነት መታወቅ አለበት።

የገምጋሚ መግቢያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ እንየው። በደህና የተሠራ ማንኛውም የእውቅና ሶፍትዌር ተጠቃሚዎችን በየሥራቸው ይለያል። የተቋሙ አስተባባሪ ሁሉን ያያል፣ ይጨምራል፣ ይሰርዛል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው የራሱን ክፍል ይሞላል። ገምጋሚው ግን እንግዳ ነው፤ የቀረበውን ያነባል፣ በራሱ ቅጽ ላይ ነጥብና አስተያየት ይጽፋል፣ ከተቋሙ ፋይል አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አያነሳም። የቡድኑ ሰብሳቢ ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለ ሥልጣን አለው፤ የአባላቱን አስተያየት ሰብስቦ ሪፖርት ያዋቅራል። መግቢያው ሲከፈት አራት ነገር ይወሰናል ማለት ነው፦ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው፣ የሚያያቸው መስፈርቶች፣ ማድረግ የሚችለው፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን። አምስተኛው በራሱ የሚመጣ ነው፤ ሶፍትዌሩ ማን በስንት ሰዓት ገብቶ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ሲገባ ብቻ ነው። አምስት ሰው በአንድ ፓስወርድ ከገባ መዝገቡ የሚለው «ገምጋሚ ገባ» ነው፤ የትኛው ገምጋሚ እንደሆነ የሚነግረን የለም።

የጋራ ፓስወርድ ጉዳት በመዝገቡ አያበቃም። ከዚያ የሚብሰው ነጥቡን ማበላሸቱ ነው። የቡድን ግምገማ ጥቅሙ የተለያዩ ባለሙያዎች በየራሳቸው አንብበው በየራሳቸው ከፈረዱ በኋላ መከራከራቸው ነው። በአንድ አካውንት የሚሠሩ ከሆነ ሁለተኛው ሰው ሲገባ የመጀመሪያው የሰጠውን ነጥብ ያገኛል። የመጀመሪያው ፕሮፌሰር፣ ሁለተኛው በቅርቡ ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘ መምህር ከሆነ ደግሞ ውጤቱን መገመት አያቅትም። በእኛ አገር የአካዳሚ ባህል ታላቅን በጽሑፍ መቃወም ቀላል አይደለም፤ ወጣቱ የራሱን ሦስት ነጥብ ወደ ታላቁ አራት ያስጠጋል፤ ሳይዋሽ፣ ምናልባትም ሳይታወቀው። ስለዚህ መግቢያው ሲዘጋጅ አንዱ አባል የራሱን ነጥብ አስገብቶ እስኪያጸድቅ ድረስ የሌላውን እንዳያይ መደረግ አለበት። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ የሚጎድለው ምርጫው መኖሩን አውቆ የሚያበራው ሰው ነው።

ወደ ሰነዱ ስንመጣ የመጀመሪያው ሥራ መቆለፍ ነው። ተቋሙ ሰነዱን «አስገባሁ» ካለበት ቀን ጀምሮ ገምጋሚው የሚያየው ቅጂ ሊለወጥ አይገባም። ከቶጎ ውጫሌ በጉምሩክ ታሽጎ የተነሳ መኪና መንገድ ላይ ተከፍቶ ዕቃ እንደማይጨመርበት ማለት ነው። ሰኞ የተነበበው የመምህራን ዝርዝር ሐሙስ ላይ ሦስት ዶክተር ጨምሮ ከተገኘ፣ ጭማሪው እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ሁለት ገምጋሚዎች ሁለት የተለያየ ኮሌጅ ገምግመዋል። ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ ካለ ቀኑ ተጽፎበት በተጨማሪነት ይግባ፤ በቀድሞው ላይ አይደረብ። ሁለተኛው ጥንቃቄ የተቋሙን የውስጥ ወግ መለየት ነው። የራስ ግምገማ ሰነድ ሲጻፍ መምህራን በየገጹ ጎን «ይህን የሚያረጋግጥ ቃለ ጉባኤ የለንም፤ ምን እናድርግ?» እየተባባሉ ይጽፋሉ። ይህ ጤናማ ውይይት ነው፤ ራስን መገምገም ማለትም ይኸው ነው። መግቢያው በትክክል ካልተዘጋጀ ግን ያ ሁሉ ለገምጋሚው ወለል ብሎ ይታያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማንም መምህር ድክመት በጽሑፍ አያነሳም። ሦስተኛው በጣም ተራ የሆነው ነው፦ ማስረጃው ሶፍትዌሩ ውስጥ ሳይሆን በአንድ ሠራተኛ የግል ጉግል ድራይቭ ላይ ተቀምጦ ሊንኩ ብቻ ሲለጠፍ፣ ገምጋሚው ሲጫነው ፈቃድ ይጠይቁ የሚል ገጽ ይመጣበታል። ሠራተኛው ሥራ ለቆ ከሆነ ማስረጃው የለም ማለት ነው። መድኃኒቱ ገምጋሚዎቹ ከመጋበዛቸው በፊት አስተባባሪው ራሱ በገምጋሚ ዓይነት አካውንት ገብቶ እያንዳንዱን ፋይል መክፈት ነው፤ በአስተባባሪነት አካውንቱ ሆኖ ሲያየው ሁሉም ነገር ስለሚከፈትለት ችግሩን በጭራሽ አያገኘውም።

የውጭ መመሪያ የማያነሳው፣ ለእኛ ግን ትልቅ የሆነ ጉዳይ አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ቀን ነው። ሠራተኛው የመዝጊያውን ቀን ሲሞላ በልማድ 2017 ብሎ ከጻፈ ሶፍትዌሩ ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን አድርጎ ይወስደውና ገምጋሚው ገና ሳይገባ በሩ ይዘጋበታል። ይህ ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል። አደገኛው ተቃራኒው ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተሠራ ሥርዓት ላይ በአውሮፓውያኑ 2025 ብሎ የሞላ ሰው ለገምጋሚው የሰባት ስምንት ዓመት ቁልፍ ሰጥቷል፤ ማንም ሳያውቅ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍት ይሁን» ተብሎ 6፡00 ከተጻፈ ማሽኑ የሚዘጋው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ገምጋሚው ቁርሱን በልቶ ሲቀመጥ ተዘግቶ ያገኘዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በግብዣ ደብዳቤው ላይ ሁለቱም ቀንና ሁለቱም ሰዓት ይጻፍ፣ መዝጊያውን የሞላው አንድ ሰው ከሆነ የሚያረጋግጠው ሌላ ሰው ይሁን።

ከዚሁ ጋር የስልክ ነገር አለ። ለጥንቃቄ ሲባል ብዙ ሥርዓቶች ከፓስወርድ ሌላ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ ኮድ ይጠይቃሉ። ቶጎ ውጫሌ ላይ ግን ሰው ከኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሌላ ከድንበሩ ማዶ ያለ የሶማሌላንድ ሲም ቢይዝ አይገርምም፤ ኮዱ በየትኛው ቁጥር እንደሚመጣ ካልታወቀ ወይም ኔትወርኩ ከደከመ ገምጋሚው ደጅ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ የሚያመነጭ መተግበሪያ ይሻላል፤ ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑ ነው። ስልኩን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚጠቀም ሰው ግን ኮዱ አይሠራለትም፤ ይህን አስቀድሞ መንገር ግማሽ ቀን ያተርፋል። ስምም ጣጣ አለው። በክልሉ መሐመድ፣ አህመድና አብዲ እየተፈራረቁ የሚመጡባቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ ያው ስም ደግሞ በሶማሊኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ሰነድ ላይ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። አካውንቱን በስም ብቻ መክፈት ለተሳሳተ ሰው ግብዣ መላክን ያመጣል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለዚህ ጥሩ መልሕቅ ነው፤ ገምጋሚው አንዴ በፋይዳ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ በየጊዜው የስሙ አጻጻፍ ማከራከሩ ይቀራል።

መግቢያውን ማጥበብ የጥንቃቄ ምርጫ ብቻ ነው የሚል ካለ ሕጉን ይመልከት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብ መረጃ ለተወሰነ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ እንዲሠራበት ያዛል፤ የጤና መረጃን ለብቻው ጥበቃ ይሰጠዋል፤ መረጃ ከአገር ውጭ ሲተላለፍ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎችም ያስቀምጣል። ለእውቅና የሚቀርበው ክምር ውስጥ የግል መረጃ ሞልቷል። የነርሲንግ ወይም የአዋላጅ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ተማሪዎቹ ሆስፒታል ገብተው መሥራታቸውን ለማሳየት የልምምድ መዝገባቸውን ያቀርባል፤ በመዝገቡ ላይ የእናቶች ስም፣ ዕድሜ፣ ምርመራ ሊኖር ይችላል። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ተማሪዋ ስንት ወሊድ እንዳዋለደች ነው፤ የወላዷ ስም ምኑም አይደለም። እንዲህ ያለ ገጽ ስሙ ተሸፍኖ ይጫን። የመምህራን ደመወዝ የፋይናንስ መስፈርቱን ለሚያየው ገምጋሚ ብቻ ይከፈት። ገምጋሚው በውጭ አገር የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ይህም ለሶማሌ ክልል እንግዳ ነገር አይደለም፣ ፋይሉን ከስክሪን ላይ ማንበብ እንጂ ማውረድ አይፈቀድለት፤ ወርዶ ሚኒሶታ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠን ፋይል ከዚህ ሆኖ ማስሰረዝ አይቻልም።

ከሁሉም የከበደው ግን የቅርበት ጥያቄ ይመስለኛል። ለጅግጅጋ ተቋም ገምጋሚ ሲፈለግ ብቁው ሰው የሚገኘው በአብዛኛው በሐረማያ፣ በድሬዳዋ ወይም በዚያው በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሶማሊኛ የተጻፈ ሰነድ ማንበብ የሚችል ሲፈለግ ደግሞ ክቡ ይበልጥ ይጠባል። በዚህ ክብ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ አብረው ተምረዋል፣ አንዱ በሌላው ኮሌጅ የማታ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ በጋብቻ ወይም በጎሳ ይዛመዳሉ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ በማንኛውም ትንሽ ከተማ ያለ ነገር ነው። ሁሉንም የሚተዋወቅ ሰው እናስወጣ ብንል የሚቀረን ቋንቋውንም አካባቢውንም የማያውቅ ቡድን ነው። መሄጃው መንገድ ቅርበቱን ማሳወቅና መግቢያውን በዚያ መጠን መቁረጥ ነው። ገምጋሚው አካውንቱን ሲከፍት ከሰነዱ በፊት የሚያገኘው ገጽ ግንኙነቱን የሚገልጽበት ቅጽ ይሁን፤ ካልሞላው ሰነዱ አይከፈትለት። ተቋሙም የገምጋሚዎቹን ስም አስቀድሞ አይቶ በምክንያት የመቃወም ዕድል ያግኝ። የሒሳብ አያያዝ መምህሩ የማታ የሚያስተምርበትን የሒሳብ ክፍል እንዳያይ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የተማሪ አገልግሎቱን ግን እንዲገመግም ማድረግ በወረቀት ዘመን አስቸጋሪ ነበር፤ ቦክስ ፋይሉ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርና። በሶፍትዌር ግን አንድ ምልክት ማንሳት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ መግቢያ ማጥበብ ለሚደብቅ ተቋም መሸሸጊያ ይሆነዋል የሚል። ደካማ ኮሌጅ ጥሩ ጥሩውን ከፍቶ ሌላውን «አይመለከትዎትም» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚመታው ግን የማጥበቡን ሐሳብ ሳይሆን የማጥበቢያው ቁልፍ በተቋሙ እጅ የሚሆንበትን አሠራር ነው። ለየገምጋሚው የሚከፈተውን መስፈርት መወሰን ያለበት የሚገመግመው አካል ነው፤ ተቋሙ ሰነዱን ያስገባል እንጂ ማን ምን ይይ ብሎ አይመርጥም። ገምጋሚው ያላገኘውን ማስረጃ በዚያው ሶፍትዌር ይጠይቅ፤ ጥያቄውና መልሱ ከነቀኑ ይመዝገብ። እንዲያውም በዚህ መንገድ መደበቅ ከወረቀቱ ይልቅ ይከብዳል። ቢሮ ውስጥ በቃል የተጠየቀ ሰነድ «ነገ እናመጣለን» ተብሎ ይረሳል፤ ቡድኑም አውሮፕላን ይዞ ይመለሳል። በጽሑፍ ተጠይቆ ለአሥር ቀን መልስ ያላገኘ ጥያቄ ግን ራሱ ማስረጃ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከኢንተርኔት ይመጣል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ማብቂያ በጅግጅጋ ግጭት ሲነሳ በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆይታለች። እንዲህ በሚሆንበት አገር ፍላሽ ዲስክ አይሻልም ወይ? ለመጠባበቂያ ያህል ይሻላል፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ፍላሹ ከተቆለፈው ቅጂ የተወሰደ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ፣ ለእያንዳንዱ ገምጋሚ በፊርማ የተሰጠ ይሁን፤ የፋይሎቹ የአሐዝ አሻራም ይያዝ። የአሐዝ አሻራ ማለት ኮምፒውተሩ ከፋይሉ ይዘት የሚያወጣው የፊደልና የቁጥር ተርታ ነው፤ በፋይሉ ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥ ተርታው ይለወጣል፤ ስለዚህ በፍላሽ የተነበበውና በሶፍትዌሩ ያለው አንድ መሆኑ በኋላ ሊመሳከር ይችላል። የመግቢያው ጊዜም ለመቋረጥ ቦታ የሚተው መሆን አለበት፤ ሁለት ሳምንት የሚበቃ ሥራ ከሆነ ሦስት ይሰጥ፣ መስመር ከተቋረጠም የጠፋው ቀን በጽሑፍ ይካካስ። ከተቋሙ ወገንም ሁሉም ፋይል በቀለም የተቃኘ ከባድ ምስል ሆኖ ከተጫነ ደካማ መስመር ላይ አይከፈትም፤ በጥቁርና ነጭ የተቃኘ፣ በየርዕሱ የተከፈለ ፋይል ብዙ ችግር ያቀላል።

ይህ ሁሉ ካለ የአካል ጉብኝቱ ይቅር ወይ? አይቅር። የኮቪድ ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. መንገድ ሲዘጋ በዓለም ዙሪያ ብዙ የእውቅና አካላት ጉብኝታቸውን ወደ ቪዲዮ አዙረው ነበር፤ አንዳንዱ ጠቃሚ ሆኖ ቀርቷል። ሶፍትዌር ግን ባዶ ቤተ ሙከራን አያሳይም። ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለት ማይክሮስኮፕ ተብሎ መደርደሪያው ላይ አራት ሊገኝ ይችላል፤ ለዚህ በማርዳ በር አልፎ መምጣት ግድ ነው። ልዩነቱ፣ ሰነዱን አንብቦ የመጣ ቡድን አሥራ ሁለቱን ማይክሮስኮፕ ሊቆጥር ነው የሚመጣው፤ ያላነበበው ግን ዝርዝሩ የት እንዳለ ሊጠይቅ።

ስለ ክብርና ስለ ገንዘብ የሚባለውንም ባጭሩ ልመልስ። ለተከበረ ፕሮፌሰር የራሱን አካውንት፣ የራሱን ኮድ፣ የመዝጊያ ቀን መስጠት አለማመን ይመስላል ይባላል። እኔ በግልባጩ ነው የማየው፤ ውጤቱ የከፋ ኮሌጅ ባለቤት «ፕሮፌሰሩ ሰነዳችንን ከፍቶም አላየው» ብሎ ሲከስ ስሙን የሚያድንለት ያ መዝገብ ነው። በገንዘብ በኩል ግን ተቃዋሚዎቹ የተወሰነ እውነት አላቸው። አንዳንድ ኩባንያዎች ክፍያውን በተጠቃሚ ቁጥር ስለሚያደርጉት ለአምስት ገምጋሚ አምስት አካውንት መክፈት ተጨማሪ ዶላር ነው፤ ዶላር በጭንቅ በሚገኝበት አገር አንድ አካውንት ለአምስት ሰው መስጠት የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ይህ የሚፈታው ከመግዛት በፊት ነው፤ የገምጋሚ አካውንት በነጻ ነው ወይስ በክፍያ፣ መዝጊያ ቀን ይቀበላል ወይ፣ መዝገቡን አትሞ መውሰድ ይቻላል ወይ፣ መረጃው የሚቀመጠው የት አገር ነው ብሎ መጠየቅ። ለዚህ አቅም የሌለው ትንሽ ኮሌጅ ሶፍትዌር ባይገዛም እንኳ አሠራሩን ሊይዘው ይችላል፤ በየመስፈርቱ የተከፈለ የጋራ ፎልደር፣ ለእያንዳንዱ ሰው በኢሜይሉ የተሰጠ የማንበብ ፈቃድ፣ በደብተር የተጻፈ መክፈቻና መዝጊያ ቀን ከአንድ የጋራ ፓስወርድ ይበልጣሉ። የተሻለው ግን የሚገመግመው አካል ራሱ ሥርዓቱን አቅርቦ ተቋማት በነጻ የሚጠቀሙበት ቢሆን ነው፤ ያኔ የአዲስ አበባው ሀብታም ዩኒቨርሲቲና የጅግጅጋው የኪራይ ቤት ኮሌጅ በአንድ ዓይነት መግቢያ ይታያሉ።

መዝጊያው ላይ አንድ ስሕተት ይደጋገማል። ሪፖርቱ ሲገባ አካውንቶቹ ይሰረዛሉ፤ ከአካውንቱ ጋር ገምጋሚው የጻፈው አስተያየትና የገባበት መዝገብ አብሮ ይጠፋል። መዝጋትና መሰረዝ የተለያዩ ናቸው። ሪፖርቱ በገባ ዕለት መግቢያው ይዘጋ፤ መዝገቡ ግን ቢያንስ ተቋሙ ቅሬታ የሚያቀርብበትና የሚወሰንበት ጊዜ እስኪያልፍ በሚገመግመው አካል ዘንድ ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አስቀድሞ በመመሪያ ይጻፍ። ቅሬታ ሰሚው ቡድን ሌላ ሰዎች ስለሆኑ ለእነሱ ሌላ መግቢያ ይከፈታል፤ እነሱ የተቆለፈውን ሰነድም፣ የገምጋሚዎቹን ነጥብም፣ መዝገቡንም ያያሉ፤ አይጽፉበትም። ከዓመት በኋላ የክትትል ጉብኝት ሲመጣ ከአምስቱ ገምጋሚዎች ሁለቱ ቢመለሱ እንኳ የድሮው አካውንታቸው አይከፈትም። አንደኛው በመካከሉ በዚያው ኮሌጅ የማታ ማስተማር ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ግብዣ ይላካል፣ የግንኙነት ቅጹ እንደገና ይሞላል፣ የሚያዩትም ባለፈው ጊዜ ይስተካከል የተባለውን መስፈርት ብቻ ይሆናል።